አሮጌው ላፕቶፕና የቀላል ሲስተም ታሪክ

በዚህ የበዓል መጽሔት ስለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ልንጽፍ ወደናል። ላፕቶፑ በክፍላችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የቆየ ሲሆን፣ ሜሞሪው 1 ጊጋባይት፣ ፕሮሰሰሩም ባለ 32 ቢት ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ይጣል» ሲሉ፣ ሌሎቹ «ለታናናሾቻችን ይቆይላቸው» አሉ። ከመፍረዳችን በፊት ግን ታሪክን መጠየቅ ተገቢ መሰለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን ክፍሎች የሚያዝና ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ሥራን የሚያከፋፍል ዋና ፕሮግራም ነው። በ1969 በአሜሪካ አገር፣ በቤል ላቦራቶሪ፣ ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስ የተባለውን ሲስተም የጀመረው ብዙ ሰው በማይሠራበት አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በዩኒክስ አርአያ ሊኑክስን ሲጀምር የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ 4 ሜጋባይት ብቻ ነበር። እኛ የናቅነው ላፕቶፕ ከዚያ 256 እጥፍ ይበልጣል!

ታዲያ ለምን ደከመ? ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ ቢያንስ 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ይጠይቅ ነበር። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ይህም በ20 ዓመት ውስጥ 64 እጥፍ መሆኑ ነው። አዲሱ ሲስተም ብዙ አዲስ ሥራ መሥራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሸክሙ የሚከብደው በአሮጌው ጀርባ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ቀረበልን። ኤክስፒን እንዳንተወው ብንመኝም፣ የጥበቃ እድሳቱ በ2014 ስለ ተቋረጠ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘቱ አደገኛ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ32 ቢት ፕሮሰሰር ከቶ አይሠራም። ከሊኑክስ ወገንም ቢሆን ኡቡንቱን የመሰሉት ታላላቆች 32 ቢትን ትተዋል። ስለዚህ ለአሮጌ ኮምፒዩተር የተሰናዳውን አንቲኤክስ የተባለውን ሊኑክስ መረጥን። አስቀድመን ፋይሎቹን ገለበጥን፤ ቀጥሎም ሲስተሙን ከፍላሽ አስነሥተን፣ ድምፁና ዋይፋዩ መሥራታቸውን አይተን፣ በመጨረሻ ጫንነው።

አሁን ላፕቶፑ ለመጻፍና ለማንበብ ደኅና ነው፤ ብዙ የኢንተርኔት ገጾች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱበት ግን ይቆማል። ይህንንም ሳንደብቅ ለታናናሾቻችን ነግረናቸዋል።

አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይላሉ። ሲስተምም የሚመረጠው በኮምፒዩተሩ ልክ ነው። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ ላፕቶፑ ግን ይቀራል። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍነው በእርሱ ላይ ነው።