እናቴ የተወጋችው መርፌ ከየት መጣ?

ሰሞኑን እናቴ የሳንባ ምች ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ተመስገን፣ አሁን ደህና ናት። ነርሷ በደም ስሯ የምትሰጣትን መድኃኒት ብልቃጥ አንስቼ ሳነበው «ሴፍትሪአክሶን» ይላል። አገራችን ውስጥ ሰው አስታሞ ይህን ስም ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ታሪኩን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጣሊያን ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚመጣልን አድዋና የአምስት ዓመቱ ወረራ ነው። የዛሬው ጣሊያናዊ ግን ሌላ ነው። ጁሴፔ ብሮትዙ ይባላል፤ በሰርዲኒያ ደሴት፣ በካሊያሪ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። ጊዜው 1937 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1945) ነው። ከተማዋ በጦርነቱ ቦምብ ፈራርሳለች፣ ታይፎይድም አለ። የከተማዋ ፍሳሽ በቀጥታ ባሕር ይገባል፤ ወጣቶች ደግሞ እዚያው ይዋኛሉ። የሚገርመው፣ እንደሚፈራው አልታመሙም።

ሌላው ሰው «ዕድላቸው ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ብሮትዙ ግን ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ይኖራል ብሎ ጠረጠረ። ፍሳሹ ባሕር ከሚገባበት አፍ ላይ ውሃ ቀድቶ መረመረ፤ ሴፋሎስፖሪየም የተባለች ሻጋታ አገኘ። ከእሷ የሚወጣው ፈሳሽ የታይፎይድን ባክቴሪያ ገደለ።

ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1948 በአንዲት ትንሽ የአካባቢው ኅትመት ላይ አወጣ። በአገሩ የሚያግዘው ስላጣ ሻጋታዋን ወደ ኦክስፎርድ ላካት። እዚያ ኤድዋርድ አብርሃምና ጋይ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1953 ሴፋሎስፖሪን ሲን አገኙ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ማውጣት ጀምረው ነበር፤ ይሄኛውን ግን መስበር አቃታቸው። ኬሚስቶች እያሻሻሉት የመጀመሪያው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ላይ ዋለ፤ ሴፍትሪአክሶን ደግሞ በ1980ዎቹ መጣ።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ ግን ይሄ ነው፦ ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ባሕሩን ደጋግሞ መበርበር አላስፈለገም። እናቶቻችን ከአንዱ ሊጥ እርሾ አስቀርተው ለሚቀጥለው እንደሚያቆዩት፣ የዚያች ሻጋታ ዘሮች ፋብሪካ ውስጥ በትልልቅ ጋን እየተራቡ ይኸው እስከ ዛሬ አሉ። ባሕሩ አንዴ ሰጠ፣ በቃ።

ሻጋታዋ አታልቅም። የሚያልቀው የመድኃኒቱ ኃይል ነው። ጉንፋን ሲይዘን «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» እንላለን፤ የታዘዘልንን ደግሞ ሻል ሲለን እናቋርጣለን። ባክቴሪያው በዚህ መሃል ይለምደዋል። ብሮትዙ ፍለጋውን የጀመረበት ታይፎይድ ራሱ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ፓኪስታን ውስጥ ሴፍትሪአክሶን የማይበግረው ዓይነት ተነስቷል። በእኛም ሆስፒታሎች መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች እየተገኙ ነው።

ልጆች፣ ክፍል ውስጥ «ይሄ ለፈተና ይመጣል?» ትሉኝ ነበር አይደል? ይሄኛው ይመጣል። እናታችሁ ስትታመም ይመጣል። እርሾውን አናበላሸው።