ከመንግሥት ቀድሞ ሰማዩን ያየ ማኅበር

በአዲስ አበባ፣ ለቡ መብራት ኃይል ላይ፣ ከመሸ በኋላ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሰማዩ የሳሳ ነው። የመንገዱ መብራት፣ የኮንዶሚኒየሙ መስኮትና የሱቁ ማስታወቂያ ደካማ ኮከቦችን ውጠዋቸዋል። የሚታዩት ጨረቃና ደማቆቹ ኮከቦች ብቻ ናቸው። ሰፈሩ በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ስለሚገኝ ፊትን ወደ ሰሜን ሲያዞሩ ከመሀል ከተማው ብርሃን ማዶ የእንጦጦ ተራራ አለ። እዚያ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እነሱን እዚያ ያቆማቸው ውጥን የተወጠነው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን በአንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነበር።

ሰማይን ማየት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ባሕረ ሐሳብን ሲቀጽል የጨረቃና የፀሐይን ዑደት በጣቱ ያሰላል። ለምሳሌ 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 18 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ። ከዚያ ተነስቶ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን እንደሚውል ያለ ወረቀትና ያለ ካልኩሌተር ይነገራል። 19 ዓመት የተመረጠው ጨረቃ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከፀሐይ ዓመት ጋር ተመልሳ ስለምትገጥም ነው።

መጽሐፈ ሄኖክም አለ። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1773 ነበር። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ወጥታ በምዕራብ በስድስት በሮች እንደምትገባ ይተርካል፤ ዓመቱንም 364 ቀን ያደርገዋል። በደቡብ ደግሞ የቦረና አያንቱዎች የጨረቃን ጉዞ ከተወሰኑ ኮከቦች ጋር እያነጻጸሩ ወራትንና ቀናትን ሲቆጥሩ ኖረዋል። ለቀናት ያሏቸው ስሞች 27 ናቸው።

የዚህ ሁሉ ዕውቀት ጠባቂዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ካህን፣ ደብተራ፣ አያንቱ። ዓላማውም ጾምን፣ በዓልንና ዘመንን መወሰን ነው። ሥነ ፈለክ በዘመናዊ ሳይንስ መልክ የመጣው ዘግይቶ፣ እሱም በሌሎች ጥናቶች ጀርባ ታዝሎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰበብ በአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን የመሩት ይህ ተቋም የምድርን መግነጢሳዊ ኃይልና የመሬት መንቀጥቀጥን ይመዘግብ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ሳተላይቶችን የሚከታተል ግዙፍ ካሜራ በደብረ ዘይት አቁሞ ነበር። ሁለቱም ለባለሙያ ነበሩ፤ ተራው ነዋሪ ደጃፋቸውን አልረገጠም።

ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። የፊዚክስ መምህራን፣ መሐንዲሶችና ሳይንስ የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው አቋቋሙት፤ የቀድሞው ሚኒስትር አቶ ተፈራ ዋልዋም በሊቀ መንበርነት አገልግለዋል። የጊዜው ምላሽ የሚያበረታታ አልነበረም። ረሀብና ድህነት ያለበት አገር ስለ ኮከብ ማውራቱ ቅንጦት፣ እንዲያውም እብደት ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ማኅበሩ ግን በዩኒቨርሲቲዎችና በትምህርት ቤቶች ክበቦችን መሠረተ፣ ንግግሮች አዘጋጀ፣ ገንዘብ አሰባሰበ። የተማሪዎችን ክበብ ከተመራማሪዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማስቀመጡ ለኋላው ሥራ ጠቀመው።

የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 ተቋቋመ። ለግንባታው 3.4 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ የሰጡት ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ናቸው። የማዕከሉ ዳይሬክተር የነበሩት ዶክተር ሰሎሞን በላይ ከዚያ በኋላ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) መንግሥት ያቋቋመውን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መርተዋል። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ማኅበር፣ ቀጥሎ ቴሌስኮፕ፣ በመጨረሻ መሥሪያ ቤት።

የድካሙ ፍሬ በ2012 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ውስጥ ታየ። ታኅሣሥ 7 ቀን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የ100 ዓመት በዓሉን ምክንያት በማድረግ ከ110 በላይ አገሮች ያቀረቧቸውን የኮከቦችና የፕላኔቶች ስሞች ይፋ አደረገ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። ኮከቡ ያለው በአንድሮሜዳ ክበበ ከዋክብት ውስጥ መሆኑ ደግሞ ግጥምጥሞሹን ያደምቀዋል። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፊየስና የንግሥት ካሲዮፒያ ልጅ ናት፤ ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉ የነበረው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ቢሆንም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን ንጋት ላይ፣ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ስትመጥቅ ባለሥልጣናትና እንግዶች ከማለዳው 12 ሰዓት ከ21 ደቂቃ በእንጦጦ ተሰባስበው በቀጥታ ተከታተሉ። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት ሥራዋ ሰብልን፣ ደንንና የአየር ንብረት ለውጥን መከታተል ነበር። ላሚቱ ወተት መስጠት ጀመረች ለማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት እሑድ ሰኔ 14 ቀን ጠዋት ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ከምዕራብ ወለጋ በጎጃም በኩል ወደ ላሊበላ አቋርጦ አለፈ። ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሳትሸፍን ጠርዟን እንደ ቀለበት አስቀረች። ወቅቱ የኮሮና ነበርና ብዙ ሕዝብ አንድ ላይ መሰብሰብ አይቻልም ነበር፤ ሰው በየግቢው ሆኖ ተመለከተ። በዛፍ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ፀሐይን በዓይኑ ባያይም፣ በቅጠሎቹ ቀዳዳ ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ተቆርጦ ማጭድ መስሎ ነበር።

አሁን የአማተር ሥነ ፈለክ ትልቁ ጠላት ብርሃን ነው። ከተማዋ እየሰፋች በሄደች ቁጥር የእንጦጦ ቴሌስኮፖች ራሳቸው የመብራቷን ጫና ይሸከማሉ፤ ክረምቱ ደግሞ ለወራት ደመና ያመጣል። ላሊበላ አካባቢ ያሉ ከፍተኛ ተራሮች ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ የታሰቡትም ለዚህ ነው። ለቡን ለመሰለ ሰፈር የሚቻለው ቀላል ነው፤ የግቢ መብራት ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ መክደን፣ የማያስፈልገውንም ማጥፋት።

ክበብ ለመጀመርም ቴሌስኮፕ የግድ አይደለም። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከኮንዶሚኒየሙ መብራት የተከለለ ጥግ ይፈለግና ፊት ወደ ሰሜን ይዙር። ከአድማስ እስከ አናት ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ ከፍ ብሎ በግራ አልማክ፣ በቀኝ አልጎል የተባሉ ኮከቦች ይታያሉ። ቡና በሁለቱ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም፤ ተራ ባይኖኩላር ግን ይበቃዋል። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሆነ ዓይን ላይ የሚያርፈው ብርሃን ጉዞ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት ነው። ሁለት ጎረቤት ባይኖኩላሩን እየተቀባበሉ ካዩት፣ የሰፈሩ ማኅበር ያን ማታ ተመሠረተ ማለት ነው።