ግዕዝን ይዞ ጀርመንኛን መማር፦ ከአባ ጎርጎርዮስ እስከ አለቃ ታየ

የነገረ መለኮት ተማሪ በኮሌጅ ጀርመንኛ ሲማር ዓላማው አብዛኛውን ጊዜ መቀበል ነው፤ ሉተርን በራሱ ቋንቋ ማንበብ፣ የጀርመን ሊቃውንት ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የጻፉትን መረዳት። ይህ መልካም ነው። ሆኖም በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የትምህርት ታሪክ ሲጀመር ተማሪው ጀርመናዊ፣ መምህሩ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በጥንቱ የአምሐራ ግዛት፣ በዛሬው ወሎ፣ በመካነ ሥላሴ ነው። ከካቶሊካውያን ጋር ተባብረው ስለ ነበር ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ከአገር ወጥተው ኋላ ሮም ገቡ። በ1649 እ.ኤ.አ. የኤርፉርቱ ወጣት ሉተራዊ ኢዮብ ሉዶልፍ በዚያ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ጀምሮት ነበር፤ የቋንቋውን ሕይወትና አማርኛን ግን ያገኘው ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ ነው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት መነኩሴውን ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጋበዟቸው፤ በዚያም ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነትና ሥርዐት፣ ስለ ሕዝቡም ኑሮ ተጠየቁ።

መምህሩ የሮም ተከታይ፣ ተማሪው ሉተራዊ፣ የሚጠየቅላት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ተዋሕዶ ነበረች። ልዩነታቸው እውነተኛ ነበር፤ መማማራቸውን ግን አልከለከለም። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲጓዙ በእስክንድሮና አቅራቢያ ባሕር ላይ በመርከብ አደጋ ሞቱ። ፍሬያቸውን አላዩም፤ ሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 አሳተመ።

ሉዶልፍ የጀመረው መንገድ በጀርመን ቀጠለ። አውግስጦስ ዲልማን መጽሐፈ ሔኖክን በግዕዝ በ1851፣ በጀርመንኛ ትርጉም በ1853 አወጣ፤ በ1857 ደግሞ የግዕዝ ሰዋስውን በጀርመንኛ ጻፈ። ሔኖክ በሙሉ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ መሆኑን እያወቅን፣ ስለ እርሱ የተጻፈውን ጥናት ለመመርመር ዛሬ ጀርመንኛ ያስፈልገናል። የእኛው መጽሐፍ በሌላ ቋንቋ እየተብራራ ወደ እኛ ይመለሳል።

ለወንጌላውያን የሚቀርበው ምሳሌ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ናቸው። በቤጌምድር ይፋግ ተወልደው በምንኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ የግዕዝም ሊቅ ሆኑ። በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ በርሊን ሄደው እስከ 1908 ድረስ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። በአገራቸው በእምነታቸው ምክንያት ተከስሰው ታስረዋል። ከሳሾቻቸው የባዕድ ትምህርት ተከታይ አሏቸው፤ ባዕዳኑ ግን የኢትዮጵያን ልሳን የተማሩት ከእርሳቸው ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። ጎታም በርሊንም ኢትዮጵያዊውን የፈለጉት ከቤቱ ይዞት ስለ መጣው እውቀት ነው። ዛሬ ከሰሜን ወሎ፣ ከዋድላዋ ከተማ ከኮን ተነሥቶ ወደ ሴሚናሪ የሚመጣ ወንድም የተወለደው ስሙ በቅኔ ቤት በሚታወቅ አገር ነው። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የሚጠራ የቅኔ ስልት ነው። በዚያ ግስ እየረባ፣ ሰዋስው እየተተነተነ ትውልድ ተምሯል። ያን ወንድም «ይህ የሌሎች ነው» ብለን ባዶ እጁን ወደ ጀርመንኛ ክፍል ብንልከው፣ ተቀባይ እንጂ ተነጋጋሪ አይሆንም። ከዚያም በላይ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ለጎረቤቱ ወንጌልን ሲናገር በጎረቤቱ ልሳንና ትዝታ መናገር ያቅተዋል፤ «መጤ» የሚለውን ክስም በራሱ አንደበት ያጸናል።

ስለዚህ ጀርመንኛ የሚያስተምር ሴሚናሪ ግዕዝንም ያስተምር። በጰንጠቆስጤ ዕለት መንፈስ ቅዱስ የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ ያሰማው ለእያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ነው። የሰውን ቋንቋ መማር ትሕትና ነው፤ የራስን ይዞ መገኘትም ለዚያው ጌታ የሚቀርብ መጋቢነት ነው።