የስላቅ ግጥምና የገጣሚው እንጀራ

የስላቅ ግጥም በፍርድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚደፍር የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነው። ዳኛ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ እንጀራውን የሚሰጠው ማን ነው? ፍርዱስ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በ18ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር የተጻፈው የምግባርና የስላቅ ግጥም በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲመረመር ብርታቱም ድካሙም ጎልቶ ይታያል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ዘመኑ የገንዘብና የኅትመት ዘመን ነበር። ከ1688ቱ የመንግሥት ለውጥ ወዲህ የንጉሡ ሥልጣን በፓርላማ ተገድቧል። መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት እንዲመረመሩ ያስገድድ የነበረው ሕግም በ1695 ሳይታደስ ቀረ። ጋዜጣውና በራሪ ጽሑፉ በዛ፤ ቡና ቤቱ የፖለቲካ መከራከሪያ ሆነ። በ1720 የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ ከልክ በላይ ንሮ በዚያው ዓመት ሲንኮታኮት ብዙ ሰው ንብረቱን አጣ። ከ1721 እስከ 1742 መንግሥቱን የመራው ሮበርት ዋልፖልም ደጋፊዎቹን በሹመትና በጥቅም ይገዛል እየተባለ ይከሰስ ነበር። ገጣሚዎቹ ይህን ዓለም ለመዳኘት የጥንቶቹን የሮማ ባለቅኔዎች ሆራስንና ጁቬናልን አርአያ አደረጉ።

ዋና መሣሪያቸው ጥንድ ስንኝ ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ዐሥር ቀለም ያህል ይይዛል፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ይመታሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሐሳቡም ከቤቱ ጋር አብሮ ይዘጋል። ቅርጹ ለፍርድ የተመቸ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ክሱን ያሰማል፤ ሁለተኛው ይበይናል። አንባቢም እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር በቃሉ ይይዘዋል።

ይህን መሣሪያ ከሁሉ አብልጦ የሳለው አሌክሳንደር ፖፕ ነው። ፖፕ በ1688 በለንደን ከካቶሊክ የጨርቅ ነጋዴ ተወለደ። የጊዜው ሕግ ካቶሊኮችን ከዩኒቨርሲቲና ከመንግሥት ሹመት ያገለለ ነበር። በልጅነቱ የያዘው የአከርካሪ ነቀርሳ ደግሞ ጀርባውን አጉብጦ ቁመቱን ከ1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች አስቀረው። እስከዚያ ዘመን ድረስ የገጣሚ ወጉ በመኳንንት ደጅ መጽናት ነበር። መጽሐፉን ለአንድ ባለጸጋ መታሰቢያ ያደርጋል፤ ምስጋናውን በስንኝ ይከፍላል። ፖፕ ሌላ መንገድ አገኘ። የሆሜርን ኢሊያድ ተርጉሞ ከ1715 እስከ 1720 በ6 ቅጽ ሲያሳትም 575 ያህል ገዢዎች አስቀድመው ተመዘገቡለት። የአንዱ ቅጽ ዋጋ 1 ጊኒ ነበር። ከሥራው ያገኘው 5,000 ፓውንድ ገደማ በጊዜው ለአንድ ደራሲ ከፍ ያለ ሀብት ነው። ከተመዝጋቢዎቹ መካከል መኳንንት ብዙ ነበሩ፤ ሆኖም ከመካከላቸው ብቻውን ሊያዝዘው የሚችል አልነበረም። ትርጉሙንም ለመስፍን ሳይሆን ለጸሐፌ ተውኔቱ ለዊልያም ኮንግሪቭ መታሰቢያ አደረገው።

ይህን ነጻነት በምን ሥራ ላይ አዋለው? በ1730ዎቹ የሆራስን ፈለግ ተከትሎ በጻፋቸው ግጥሞች የቤተ መንግሥቱን አጎብዳጅና በሹመት የሚነግደውን ባለሥልጣን አንዳንዴ በስሙ እየጠራ ገሥጿል። በዚህ ረገድ ብዕሩ ወደ ላይ ያነጣጠረ ነው። በ1728 ያወጣው ደንሲያድ ግን የተለየ መልክ አለው። ግጥሙ የድንቁርናን መንግሥት ያሳያል፤ ዜጎቹም ግራብ ስትሪት በተባለው የለንደን ሰፈር ስም የሚታወቁት፣ ለመጽሐፍ ነጋዴ በቁርጥ ዋጋ እየጻፉ የሚያድሩ ድኾች ደራስያን ናቸው። የዚህ መንግሥት ንጉሥ ሆኖ የቀረበው ሉዊስ ቲዮባልድ ነው። ወንጀሉ ፖፕ በ1725 ያሳተመውን የሼክስፒር ሥራዎች እትም ጉድለት በ1726 በመጽሐፍ ማሳየቱ ነበር። ቲዮባልድ በብዙው እውነት ነበረው፤ የኋላ ሊቃውንትም ይህን መስክረውለታል። በ1743 ፖፕ ዘውዱን ከቲዮባልድ አንሥቶ ለቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ለኮሊ ሲበር ደፋለት።

ደንሲያድ በኪነቱ ብርቱ ነው፤ በፍርዱ ግን ይጎድላል። ፖፕን ባለቤትና ባለአትክልት ያደረገው የመጽሐፍ ገበያ የግራብ ስትሪትን ደራሲ ያስራበው ያው ገበያ ነው። ገበያውን ትቶ በገበያው የተራቡትን መሣቂያ ማድረግ ረኀብን እንደ ኀጢአት መቊጠር ይሆናል።

የጓደኛው የጆን ጌይ ሳቅ ከዚህ ይለያል። ጌይ ራሱ በ1720ው ውድቀት ገንዘቡን ካጡት አንዱ ነው። በጥር 1728 ለመድረክ የበቃው የለማኙ ኦፔራ ሌባውንና ሚኒስትሩን በአንድ ሚዛን አስቀመጠ። በዘፈን ግጥሞች የተሞላው ይህ ተውኔት በመጀመሪያው ወቅት ብቻ 62 ጊዜ ታየ። ተከታዩ ፖሊ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመድረክ ታገደ፤ በ1729 በተመዝጋቢዎች ገንዘብ ሲታተም ግን ለደራሲው ዳጎስ ያለ ገቢ አስገኘ። አንባቢ ተመልካቹን ተካ ማለት ነው። ዋልፖል በበኩሉ ትምህርቱን አልዘነጋም። በ1737 በወጣው ሕግ ማንኛውም አዲስ ተውኔት ከመታየቱ በፊት በቤተ መንግሥቱ ሹም እንዲመረመር ተደረገ። ይህ ቁጥጥር እስከ 1968 ቆየ።

መድረኩ በተዘጋ ማግሥት፣ በ1738፣ ለንደን የተሰኘ ግጥም የደራሲው ስም ሳይጠቀስ ወጣ። የጁቬናልን አርአያ የተከተለ ሲሆን፣ በዚያች ከተማ የድኻ ችሎታ በድኽነቱ ተጭኖ እንደሚቀር በቁጣ ይናገራል። ፖፕ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ አጠያየቀ። ሳሙኤል ጆንሰን ነበር፤ ግጥሙን ለመጽሐፍ ነጋዴው የሸጠው በ10 ጊኒ ብቻ ነው። ጆንሰን ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1735 የየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሟል፤ በ1759 ደግሞ በኢትዮጵያዊ ልዑል ስም ራስላስን ጽፏል።

እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ሌላውን አይተካም። ፖፕ ለመጀመሪያው ታላቅ መልስ ሰጠ፤ ገጣሚ በአንባቢው ሊኖር እንደሚችል አሳየ። ለሁለተኛው የሰጠው መልስ ግን ግማሹ ፍርድ፣ ግማሹ ቂም ነው። ጌይና ጆንሰን ከእርሱ ያነሰ ሀብት ይዘው ሳቃቸውንና ቁጣቸውን የት እንደሚያሳርፉ ዐወቁ። ገጣሚ እንጀራው ነጻ ሲሆን ብዕሩ ይፈታል፤ የተፈታ ብዕር ግን ጻድቅ መሆኑ የሚታወቀው በመታው ሰው ማንነት ነው።