«ለጊዜው» የተከፈተ ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚለግስ አይጠፋም፤ ጣጣው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የዚያድ ባሬ ጦር በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሐርጌሳን ሲደበድብ ስደተኛው ወደ ጅጅጋ ዙሪያ ጎረፈ። ሐርተሼክ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ይዞ የዓለም ትልቁ መጠለያ እስከመባል ደረሰ፤ ሰዉ አገሩ ሲመለስ በ2004 ተዘጋ።

በ1991 የተከፈተው ቀብሪበያህ ግን ይኸው አለ። ያኔ በመጠለያው አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ልጆቹን እዚያው ቢያስመዘግብ አይገርምም። ክፍሉን ለጋሽ ሠራው እንበል፤ አስተማሪውስ? ስደተኛው መምህር ለዓመታት ሲከፈለው የኖረው «ኢንሴንቲቭ» ነው (ደመወዝ እንዳትሉት!)። ያንኑ ጠመኔ የያዘው ኢትዮጵያዊ ባልደረባው ከሱ እጅግ የተሻለ ያገኛል። ለምን? ሕጉ ስደተኛ እንደልቡ ተቀጥሮ እንዲሠራ አይፈቅድም ነበራ! በሩን ገርበብ ያደረገው አዋጅ የወጣው በ2019 ነው።