ቁጥር እንደ ውል፦ የሁኔታ ቋሚዎች ታሪክ ከሲ ቋንቋ እስከ የካ ቀበሌዎች

(ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርእስ ሲሰሙት የባለሙያ ጓዳ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በሲ ቋንቋ በተጻፈ ግዙፍ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሥራ መሳካቱን ወይም መክሸፉን፣ ከከሸፈም በምን ምክንያት እንደሆነ የሚናገሩ ቋሚ ቁጥሮች አሉ። የሁኔታ ቋሚዎች ልንላቸው እንችላለን። ፕሮግራሙ ዕድሜ ሲጠግብ እነዚህ ቁጥሮች ይበዛሉ፤ አንዱ ትርጉም በሦስት ስም ይጠራል፤ አንዱ ስም ሁለት ትርጉም ይይዛል። ታዲያ እንዴት ይጸዳሉ? ጥያቄውን በታሪክ ዐይን ስንመረምረው፣ ተመሳሳዩ ችግር እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በየቤታችን በር ላይ በቆርቆሮ ተጽፎ እናገኘዋለን።

የገለጻዬ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ብዙዎች የተገለገሉበት ቁጥር የጋራ ውል ነው። ስለዚህ ቁጥርን ማጽዳት፣ ከመሰረዝ አስቀድሞ፣ ማን በእርሱ እንደተዋዋለ የመመርመርና የመመዝገብ ሥራ ነው።

የስህተት ቁጥሮች አመጣጥ

የሲ ቋንቋ በዴኒስ ሪቺ እጅ፣ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ተቀረጸ። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ማእከላዊ ክፍልም በ1973 እ.ኤ.አ. በዚሁ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። ቋንቋው ስህተትን የሚገልጽበት የተለየ መሣሪያ አልነበረውም። አንድ ፋንክሽን ሥራውን ሲጨርስ ቁጥር ይመልሳል፤ የቁጥሩን ትርጉም የሚያውቁት መላሹና ተቀባዩ ናቸው። ዩኒክስ ለስህተቶቹ የቁጥር ሠንጠረዥ አወጣ። 1 ቁጥር «አልተፈቀደም»፣ 2 ቁጥር «እንዲህ ያለ ፋይል የለም»፣ 13 ቁጥር «መግባት ተከልክሏል» ማለት ሆነ። የመጨረሻው ስህተት ቁጥር የሚቀመጥበት፣ መላው ፕሮግራም የሚያየው ስፍራም «ኤርኖ» ተባለ።

ከእነዚህ መካከል 25 ቁጥር ልዩ ታሪክ አለው። ስሙ «ኢኖቲቲዋይ» ሲሆን መልእክቱ ለረጅም ዘመን «የጽሕፈት መኪና አይደለም» የሚል ነበር። ዩኒክስ በተወለደበት ዘመን ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው የጽሕፈት መኪና በሚመስል፣ በወረቀት ላይ በሚያትም መሣሪያ ነበርና፣ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የሚሆን ትእዛዝ ለሌላ ሲሰጥ ይህ ቁጥር ይመለስ ነበር። መሣሪያው ከጠፋ ቆየ። በብዙ ሥርዓቶች መልእክቱም ተሻሻለ። ስሙና ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ የተጻፉ ፕሮግራሞች በእነርሱ ላይ ተመሥርተዋል።

ለየካ ነዋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በእንጦጦ ግርጌ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የምንለው ሰፈር አለ። የፈረንሳይ መንግሥት ወኪል መሥሪያ ቤት ከለጋሲዮንነት ወደ ኤምባሲነት ካደገ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሰፈሩ ግን ለጋሲዮን እንደተባለ ነው። «ሲኤምሲ» የምንለውም በአካባቢው የመኖሪያ ቤቶችን የሠራ የጣልያን የግንባታ ድርጅት ምኅጻረ ቃል ነው። ተሳፋሪው ድርጅቱን ላያውቀው ይችላል፤ ታክሲው ግን ያደርሰዋል። ስም የተወለደበት ምክንያት ቢጠፋም፣ ሁሉም ተስማምቶበት እስካለ ድረስ ሥራውን ይሠራል። ያረጀ ስም ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ መነሣት የመጀመሪያው የጽዳት ስህተት ነው።

ቁጥሮች ሲለዋወጡ

ሁለተኛው ምሳሌ የቁጥር መለወጥ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። በቀደመው ዩኒክስ 11 ቁጥር «ለጊዜው አልተቻለም፤ እንደገና ሞክር» ማለት ነበር። በተለመደው ሊኑክስ ዛሬም እንዲሁ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ባደገው የዩኒክስ ዝርያ ግን 11 ቁጥር «እርስ በርስ ተቆላልፈናል» ለሚለው ስህተት ተሰጠ፤ «እንደገና ሞክር» ደግሞ ወደ 35 ተዛወረ። በሊኑክስ 35 ቁጥር «እርስ በርስ ተቆላልፈናል» ማለት ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ሁለቱን ቁጥሮች በትክክል አለዋውጠው ይዘዋቸዋል ማለት ነው።

የሁለቱን መልእክቶች ልዩነት ልብ በሉ። አንደኛው «ታገሥ፣ ይሆናል» ይላል፤ ሁለተኛው «ብትጠብቅም አይፈታም» ይላል። ፕሮግራሙን በስም የጻፈ ሰው በሁለቱም ሥርዓቶች ላይ እንደገና ኮምፓይል ቢያደርገው ትክክለኛውን ቁጥር ያገኛል። ስሙን ትቶ 11 ብሎ በቁጥር የጻፈ ግን በአንዱ ሥርዓት ሊጠብቅ የሚገባውን ይተዋል፤ በሌላው ሊተወው የሚገባውን ለዘላለም ይጠብቃል።

ሦስተኛው ምሳሌ የትርጉም መጋጨት ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስ 11 የተባለው የመስኮት ሥርዓት «ሰክሰስ»፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚለውን ቋሚ 0 ብሎ ሰይሞታል። በዚሁ ሥርዓት ላይብረሪ ውስጥ «ስታተስ» የሚባል ዐይነት የሚመልሱ ፋንክሽኖች ደግሞ ሲከሽፉ 0፣ ሲሳካላቸው ከ0 የተለየ ቁጥር ይመልሳሉ። በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር 0 ድልም ሽንፈትም ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ልማዶች ለየብቻቸው ምክንያታዊ ናቸው። ስህተቱ የሚፈጠረው አንዱን የለመደ ሰው በሌላው ክልል ሲጽፍ ነው። ችግሩን የሚያከብደው ደግሞ በሲ ቅድመ አቀናባሪ የሚሰየም ቋሚ የወሰን አጥር የሌለው መሆኑ ነው። በአንድ ሄደር ፋይል «ስህተት» ተብሎ የተሰየመ ቁጥር ያንን ፋይል በሚጠራ ሁሉ ዘንድ ይታወቃል፤ በሌላ ፋይል ተመሳሳይ ስም ካለም ይጋጫሉ።

የየካ ቤቶች ቁጥር

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። ከዚህ በኋላ የአዲስ አበባ ነዋሪ አድራሻ «ከፍተኛ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር» በሚል ሦስት ደረጃ ይነገር ጀመር። ከተማዋ በ25 ከፍተኛዎች ተከፍላ ነበር። የቀበሌ ቁጥር በየከፍተኛው፣ የቤት ቁጥር ደግሞ በየቀበሌው እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ «የቤት ቁጥር 120» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ከወሰኑ ጋር ሲነበብ ነው። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ቁጥሩ በክልሉ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ነበር።

በኋላ ወሰኖቹ ተለወጡ። ከ1995 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት ከተማዋ 6 ዞኖችና 28 ወረዳዎች ነበሯት። በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ፣ የካ አንዱ ሆነ። ቀበሌዎችም ተቀላቀሉ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቀበሌዎቹ ቀርተው በየክፍለ ከተማው አዲስ ቁጥር የያዙ ወረዳዎች ተተኩ። በ2013 ዓ.ም. አካባቢም ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የተባለው 11ኛው ክፍለ ከተማ ሲመሠረት፣ ከቤቱ ንቅንቅ ያላለ ሰው ክፍለ ከተማው ተለወጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሲ ፕሮግራም ጸሐፊ የሚያውቃቸው ሦስት ክሥተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ግጭት ነው። ሁለት ቀበሌዎች ሲቀላቀሉ 120 ቁጥር ያላቸው ሁለት ቤቶች በአንድ ጥላ ሥር ሊገናኙ ይችላሉ። ሁለት የፕሮግራም ክፍሎች ሲዋሐዱ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የአሮጌ ስም በአዲስ ትርጉም መመለስ ነው። «ወረዳ» የሚለው ቃል ከ1995 ዓ.ም. በፊት ከከተማዋ 28 ክፍሎች የአንዱ ስም ነበር፤ ዛሬ የክፍለ ከተማ ታናሽ ክፍል ነው። ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት «ወረዳ 7» የሚል ወረቀት ያገኘ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «የየትኛው ዘመን ወረዳ 7?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ወረቀቱ የውርስ ወይም የይዞታ ማስረጃ ከሆነ፣ የዚያ ጥያቄ መልስ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው።

ሦስተኛው በጥበብ የተሠራ ማስታረቂያ ነው። ቀበሌዎች ሲዋሐዱ እንደ «11/12» ያሉ ስሞች ተሰጡ። በመሐል ያለችው ዝርዝር መስመር ታሪክ ጠባቂ ናት፤ አሮጌውን ቁጥር የያዘ ሰው በአዲሱ ስም ውስጥ ራሱን ያገኛል። በተቃራኒው በብዙ ደብዳቤዎች ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል እናነባለን። ይህ ቁጥር ሊገባበት የሚገባውን ስፍራ ይዞ የተቀመጠ፣ ነገር ግን አንዱን ቤት ከሌላው የማይለይ ቃል ነው። በፕሮግራም ውስጥ ለማናቸውም ችግር ሁሉ «ስህተት» ብሎ ከሚመልስ ፋንክሽን አይለይም።

የፊደላችን ምሳሌ

እንዲህ ያለው ጽዳት በሥርዓት ሲመራ ምን እንደሚመስል የራሳችን ፊደል ያስተምረናል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል 345 ምልክቶች በአንድ ሠንጠረዥ አስገባ፤ «ሀ» በሄክሳዴሲማል አቆጣጠር 1200 ቁጥርን ያዘች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ትምህርት ሰጪ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደሎች ሲጨመሩ፣ ነባሮቹ አልተነቀሉም፤ አዲሶቹ በአዲስ ስፍራ ሰፈሩ። ዩኒኮድ ይህን የተማረው በዋጋ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የኮርያ ፊደሎችን ከነበሩበት ወደ ሌላ ቁጥር አዛውሮ ቀድሞ የተጻፈውን ስላፋለሰ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር እንዳይነሣና እንዳይዛወር ደንግጓል። የአያቶቻችንን ጽሑፍ ዛሬ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ወጣት፣ ሥራው ከዓመታት በኋላ እንደሚነበብ የሚተማመነው በዚህ ቃል ኪዳን ነው።

የጽዳት ሥርዓት

ከእነዚህ ታሪኮች አምስት የሥራ ደንቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ከመንካት በፊት መቁጠር። እያንዳንዱ ቋሚ የት እንደተሰየመ፣ ማን እንደሚመልሰው፣ ማን እንደሚፈትነው በዝርዝር ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ እርቃኑን የቆመ ቁጥር ሁሉ ስም ይልበስ፤ ቁጥሩ በዚህ ደረጃ አይለወጥ። ሦስተኛ፣ ስሙ የክፍሉን ቅድመ ቅጥያ ይያዝ፤ «የካ» ሳይባል «ወረዳ 7» እንደማይበቃ ሁሉ፣ የማን እንደሆነ የማይናገር «ስህተት» አይበቃም። አራተኛ፣ የሚገናኙ ቋሚዎች በአንድ ስፍራ፣ በአንድ የዝርዝር ዐይነት ይሰብሰቡ፤ አሮጌዎቹ ስሞች ለአዲሶቹ ቅጽል ሆነው ለጊዜው ይቆዩ። አምስተኛ፣ ጡረታ የወጣ ቁጥር ለሌላ ትርጉም አይሰጥ።

በሁለት ወገን ያለው ልዩነትም ይታወቅ። በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ የሚኖር ቁጥር፣ ጠሪዎቹ ሁሉ በእጃችን ስላሉ፣ በድፍረት ሊስተካከል ይችላል። ወደ ዲስክ የተጻፈ፣ በመረብ የተላከ ወይም ለሌላ ፕሮግራም የተሰጠ ቁጥር ግን ከእጃችን ወጥቷል። የሊኑክስ አዘጋጆች የከርነላቸውን ውስጥ ያለ ርኅራኄ ይለዋውጣሉ፤ ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች የሚመለሱትን ቁጥሮች ግን ይጠብቃሉ። «ኤርኖ» ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ክሮች ጎን ለጎን መሮጥ ሲጀምሩ አንድ የጋራ ስፍራ አደገኛ ሆነ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የፖዚክስ መስፈርት ለእያንዳንዱ ክር የራሱ እንዲሆን ደነገገ። ስሙ ሳይነካ፣ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ተለወጠ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከዚህ ወደ እንጦጦ ብንወጣ የጠፈር ምርምር ማእከሉን እናገኛለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃዋን የምትልከው ወደዚያ ተራራ ነበር። ማናቸውም ሳተላይት ስለ ጤንነቱ የሚናገረው በቁጥር ነው፤ በምድር ያለው ሰው የሚረዳው ሠንጠረዡ ከሳተላይቱ ጋር አንድ ከሆነ ብቻ ነው። ከተራራው ግርጌም የይዞታ፣ የልደትና የመታወቂያ መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር እየገቡ ነው። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ይህን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» የሚሉትን ዓምዶች ዘመን አልፎባቸዋል ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት፣ አሮጌውን ከአዲሱ የሚያገናኘውን ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ዓመተ ምሕረቱንም ጻፉበት። አሮጌ ወረቀት ይዞ በመስኮት በኩል የሚጠይቅ ሰው መልስ የሚያገኘው ከዚያ ሠንጠረዥ ነውና።