የጤና ባለሙያዋ ስትወልድ፦ ለወሊድ ፈቃድ ገንዘብ እንዴት ይታቀዳል?

ነርስ፣ ሚድዋይፍ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስታረግዝ እሷም ታካሚ ናት። ይህ ጽሑፍ በከሚሴ ከተማና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ለሚሠሩ ነፍሰ ጡር ባለሙያዎች፣ ለባለቤቶቻቸውና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። ሌላ ሠራተኛም ቢሆን አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል።

ደመወዝ ይቀጥላል፣ ዲዩቲ ይቆማል

በወሊድ ፈቃድ ወቅት ደመወዝ እንደማይቋረጥ ብዙዎች ያውቃሉ። የሚዘነጋው ዲዩቲ ነው። የሌሊት፣ የቅዳሜና እሑድ፣ የበዓል ቀን ተረኝነት ክፍያ የሚታሰበው በተሠራ ሰዓት ስለሆነ፣ ሥራ ላይ የሌለ ሰው አያገኘውም። በብዙ የጤና ባለሙያ ቤት ደግሞ የቤት ኪራይና የአስቤዛ ጉድለት የሚሸፈነው በዚሁ ገንዘብ ነው።

ለምሳሌ አንዲት ነርስ በወር በአማካይ 3,000 ብር ዲዩቲ ታገኛለች እንበል። እርግዝናው ሲከብድ፣ በሰባተኛው ወር ማብቂያ የሌሊት ተራ አቆመች። ስምንተኛው ወር ያለ ዲዩቲ ያልፋል፤ ከዚያ የአራት ወር ፈቃድ ይከተላል። ጉድለቱ የ5 ወር ዲዩቲ፣ ማለትም 15,000 ብር ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ወር የምታገኘውን ዲዩቲ ሳትነካ ብታስቀምጥ የምትሰበስበውም ያው 15,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ የምመክረው ቀላል ነው፦ እርግዝናው እንደታወቀ ቤቱ በደመወዝ ብቻ መኖር ይጀምር፣ ዲዩቲው በሌላ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ቤተሰቡም ለፈቃዱ ወራት አስቀድሞ ይለማመዳል። ሁሉንም ማስቀመጥ ካልተቻለ ግማሹም ይጠቅማል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዲዩቲ የሚከፈለው ከተሠራ በኋላ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ተረኝነት ካቆሙ በኋላ ሲገባ ጉድለቱ ያልጀመረ ይመስላል። ሥራ ሲመለሱ ግን የመጀመሪያው ዲዩቲ ወዲያው አይደርስም። ለሞግዚት መክፈል የሚጀመረውም ያኔ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝ ይፈቅድ ነበር፤ ለአባት ደግሞ 10 የሥራ ቀን። በክልሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ግን የሚተዳደሩት በክልሉ አዋጅ ነው፤ አዋጆችም ይሻሻላሉ። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤትዎ የሰው ሀብት ክፍል በሥራ ላይ ያለውን አንቀጽ ጠይቀው ራስዎ ያንብቡት። የሥራ ባልደረባ የነገረችው አይበቃም።

በግል ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ለሚሠሩ የሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የእናት ፈቃድ በዚህም 30 እና 90 ቀን ሲሆን የአባት ግን 3 ቀን ብቻ ነው። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትና የትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው። የፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ የጡረታ መዋጮ ለዚህ አይውልም። ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ከሆኑ አሠሪዎ እንዲዘጋጅ በጊዜ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ።

የፈቃዱ አቆጣጠር በሚጠበቀው የመውለጃ ቀን ላይ ስለሚመሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚነሳ አልትራሳውንድ ለገንዘብ ዕቅዱም ይረዳል። በኋለኞቹ ወራት የሚነሳው በሳምንታት ሊሳሳት ይችላል። የጤና ባለሙያ መሆን የእርግዝና ክትትልን እንደማይተካም ልጨምር፤ በሥራ መሃል ደም ግፊትን ለክቶ ማለፍ ክትትል አይባልም።

እቁብ፣ አቂቃና ደሴ

እቁብ ካለዎት ዕጣው መቼ እንደሚደርስዎት ያስቡ። ቀድመው የወሰዱ ከሆነ መጣሉ በፈቃድ ወራትም ይቀጥላል፤ ይህ ከዲዩቲ መቆም ጋር ሲገጥም ይከብዳል። ሰብሳቢውን ቀድመው ቢያናግሩ፣ ተራዎ ወደ ዘጠነኛው ወር እንዲሆን አባላቱ ሊስማሙ ይችላሉ።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ከክፍያ ነፃ ነው። ወጪው ሌላ ቦታ ነው። ከከሚሴ ወደ ደሴ ሪፈር ከተባሉ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ የመመለሻ ትራንስፖርት፣ አንዳንዴም ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት አለ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከስምንተኛው ወር ጀምሮ ለብቻው ይቀመጥ፤ ባለቤትዎም ማውጣት የሚችሉበት ቦታ ይሁን። የደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ግን ገንዘብ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የአቂቃ ወይም የክርስትና ድግስም በዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ፍየሉ ከባቲ የሰኞ ገበያ ቀደም ብሎ ተገዝቶ ቤት ቢያድር በመጨረሻ ቀን ከሚደረግ ጥድፊያ ይሻላል። ድግሱን ማሳነስም ነውር የለውም፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አቅም ለሌለው አያስገድዱም።

ከ90ኛው ቀን በኋላ

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል፤ ፈቃዱ ግን በሦስተኛው ወር ያልቃል። በእኔ አስተያየት ከባዱ ይህ ሦስት ወር ነው፤ የቆርቆሮ ወተት ወጪ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። የዓመት ፈቃድዎን በእርግዝናው ወቅት አይጨርሱት፤ ከወሊድ ፈቃድ ጋር ማያያዝ ይቻል እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። መሥሪያ ቤትዎ የሕፃናት ማቆያ እንዳለውም ይጠይቁ፤ ከሌለው ቤቱ ቅርብ ከሆነ አያት ወይም ሞግዚት ሕፃኑን በምሳ ሰዓት ልታመጣው ትችላለች።

የታለበ የእናት ጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የከሚሴ ቀን ከዚህ በላይ ስለሚሞቅ ውጭ አያስቀምጡት። መብራት የሚጠፋ ከሆነ በረዶ ያለበት ማቀዝቀዣ ሳጥን ያስፈልጋል። በእጅ ማለብ ምንም ወጪ የለውም፤ ሥራ ከመመለስዎ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይለማመዱት። ሕፃኑም ከሌላ ሰው እጅ በንጹሕ ሲኒ መጠጣትን በዚሁ ጊዜ ይልመድ።